የፊልሙን ታሪክ ንገረን

ኑርሁሴን ሰውን በአንድ ጊዜ አምኖ አያውቅም። እንደምን አደርክ ሲሉት እንኳ "ይህ ሰው ምን ፈልጎ ይሆን?" ሳይል አይመልስም። ሚስቱ አሚናት "የኔ ሰውዬ ጀነት በር ቢያደርሱት 'እውነተኛው በር ይህ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ?' ሳይል አይገባም" እያለች ጎረቤቱን ታስቅበታለች። እሱ ግን በዚህ ጠባዩ አያፍርም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት ቪዲዮ ቤት ያሠራ ሰው ነው። ሽፋኑ ላይ ሰይፍና እሳት ተለጥፎበት፣ ውስጡ አንድ ሰውዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጫካ ለጫካ ሲንከራተት የሚታይበት ስንት ሲዲ ተሸጦለታል። የተታለለ ተመልካች ደግሞ የሚጮኸው በፊልም ሠሪው ላይ ሳይሆን በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ለፊልም ያለው መመዘኛ አንድ ብቻ ሆነ፤ ታሪክ አለው ወይስ የለውም?

በ2014 ጥቅምት፣ ጦርነቱ ከወልድያ አልፎ ወደ ውጫሌ ተጠግቷል በተባለበት ሳምንት፣ ፊልም የሚያይ ሰው አልነበረም። አዳራሹን ከመርሳና ከወልድያ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሞልተውታል። አግዳሚዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተገጥመው የሕፃናት መኝታ ሆነዋል። ከተማው በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ኑርሁሴንን ሆኖ ቁጭ አለ። አነጋገሩ ለየት ያለ፣ ጫማው አዲስ የሆነ፣ ቦርሳው ከበድ ያለ መንገደኛ ሁሉ ሰርጎ ገብ ነው ተብሎ ይያዛል። ኑርሁሴን ይህን ሲያይ ደስ አላለውም። ብቻውን ሲሸከመው የኖረው ጠባይ አሁን መሣሪያ ታጥቆ በየኬላው ሲቆም ማየት አስፈራው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወንዱ የሚባል የሰፈሩ ልጅ መጣ። ወንዱ የሰፈሩ ጥበቃ አስተባባሪ ነው። በልጅነቱ የዚህ ቪዲዮ ቤት የፊት አግዳሚ ከእሱ ሌላ ሰው አያውቅም ነበር። ዛሬ ጠመንጃ ትከሻው ላይ፣ ላፕቶፕ ብብቱ ውስጥ ይዟል። ከኋላው ሁለት ጎረምሶች ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነውን ቀጭን ሰው እጁን የፊጥኝ አስረው ይነዳሉ።

"ጋሼ ኑርሁሴን፣ ይህን ሰውዬ ይዩልን እስኪ" አለ ወንዱ። "ኬላው ላይ ነው የያዝነው። ማዕረግ እባላለሁ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ፊልም ሠሪ ነኝ ይላል። ድሮን ይዟል። ኮምፒውተሩ ውስጥ አገሩ በሙሉ ከላይ ተነስቷል። መንገዱ፣ ድልድዩ፣ ሐይቁ፣ የአምባሰል ገደል ሁሉ።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ፊልም ነው አይደለም የሚለውን የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር ማን አለ? ከሁሉ የገረመኝ እኮ፣ የፊልምህን ታሪክ ንገረን ብንለው መናገር አቃተው። የገዛ ፊልሙን!" ወንዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስምንት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ እነ ሸህ ሰዓድ ለዳኝነት ይቀመጣሉ። እርስዎ ፊልም ነው ካሉ መንገዱን ይቀጥላል። አይደለም ካሉ እዚያ ላይ ላሉት የእኛ ታጣቂዎች እንሰጠዋለን። እዚያ ደግሞ የሚጠይቅም የሚያጣራም የለም፤ ያውቁታል።"

ኑርሁሴን ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት ወደዚያ የተወሰዱ ሁለት ሰዎች ወሬያቸው አልተሰማም።

"እጁን ፍቱት። እናንተ ውጭ ቆዩ" አለና ሰውዬውን ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ይዞት ገባ። ድሮ የቪዲዮ ማጫወቻው የነበረባት፣ አሁን የተፈናቃዮቹ ዱቄት የተከመረባት ክፍል ናት። ወንዱ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። ኑርሁሴን ላፕቶፑን ዱቄቱ ላይ አስቀምጦ "ክፈተው" አለ። 

ፊልሙ ጀመረ፤ ኑርሁሴንም ሳያስበው ወደፊት አጎነበሰ።

ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራው ሥራ እንዲህ ያለ ነገር አሳይቶት አያውቅም። ሐይቁ፣ ያ በየቀኑ የሚያየው ሐይቅ፣ እንደ ሮማን ቀልቶ ይታያል። ከውስጡ ክንፋቸው መስታወት የሆኑ ወፎች ይነሳሉ፤ በክንፋቸው ላይ የአምባሰል ገደል ይንጸባረቃል። ከዚያ ገደሉ ራሱ እንደ በር ለሁለት ይከፈታል። በውስጡ በውሃ ላይ የቆመ ከተማ አለ፤ ጣሪያው የዓሣ ቅርፊት፣ መብራቱ በየታንኳው የሚንሳፈፍ። ሰማዩ ላይ ሁለት ጨረቃ። ሽማግሌ ንጉሥ ከጤፍ ማሳ መሀል ይመጣል፤ በረገጠበት ሁሉ ጤፉ ወደ ወርቅነት እየተለወጠ ይከተለዋል። "አጃኢብ!" አለ ኑርሁሴን፣ ከአፉ አምልጦት። ወዲያው በራሱ ተናደደ።

ምክንያቱም ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ማን ምን እንደፈለገ አልታወቀም። ንጉሡ ለምን መጣ? ወፎቹ ማንን ይፈልጋሉ? ከተማው ምን ሆነ? ምንም የለም። ውበት በውበት ላይ ይከመራል እንጂ አንዱ ሌላውን አይወልደውም። በመሀል ደግሞ ድሮኑ ይነሳና መንገዱን፣ ድልድዩን፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁል ያሳያል። የኑርሁሴን ሆድ ሻከረ። በሚያብረቀርቅ ሽፋን ውስጥ ሌላ ነገር ሲሸጥለት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ምናልባት ወፎቹና ጨረቃዎቹ ሽፋኑ ይሆኑ? ዋናው ዕቃ ድልድዩ ይሆን?

"ታሪኩን ንገረኝ" አለ።

ማዕረግ ከንፈሩን ላሰ። "ታሪክ... ብዙም አይደለም፣ አባቴ። ስሜት ነው። ተመልካቹ ራሱ እንዲያስብ..."

"ተወኝ! ታሪክ የጠፋበት ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አሥራ አምስት ፊልም በዚህ ቃል ተሸጦልኛል።"

 ኑርሁሴን ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰ። አንድ ነገር አልጥም ብሎታል። በሥራ ዘመኑ አውራ ጣቱ አንድ ልማድ አለችው፤ ፊልም ላይ ወንድና ሴት አፍ ለአፍ ሊገናኙ ሲሉ ማሳለፊያውን መጫን። አዳራሹ ውስጥ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እንዲያ እያለ ከተዘለለው ነገር በፊት የሚመጣውን ዓይንና ከተዘለለው በኋላ የሚቀረውን ትንፋሽ ለይቶ አወቀ። አሁንም ያንን አየ። ንጉሡ ዘውዱን ከራሱ አውርዶ ወደ ፊት ይዘረጋል፤ የሚቀበለው ሳይታይ ወፍ ይመጣል። ፈረሶች ተንበርክከው ይሰግዳሉ፤ ከፊታቸው ያለው ባዶ አሸዋ ነው። አሸዋው ላይ ግን የእግር ዱካ አለ። አንዲት ሕፃን ወደ ላይ ቀና ብላ ትስቃለች፤ የምትስቅለት ሰው የለም፤ የነጠላ ጥላ ብቻ ውሃው ላይ ሽው ብሎ ይጠፋል።

"ከዚህ ውስጥ ሰው አውጥተሃል" አለ ኑርሁሴን።

ማዕረግ ደነገጠ።

"ሴት ናት። በሁሉም ቦታ ነበረች። ማን ናት? ለምን ደበቅካት?" ኑርሁሴን ይኸው ያዝኩት ብሎ አስቧል።

ማዕረግ ወደ በሩ ተመለከተ፤ የወንዱ ጥላ በበሩ ሥር ይታያል። ከዚያ በሹክሹክታ፣ "ፋና ትባላለች" አለ። "ዋናዋ ተዋናይት እሷ ናት። ወላጆቿ የአክሱም ሰዎች ናቸው። እሷ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ቀረጻውን እዚሁ ሐይቅና አምባሰል ላይ የጨረስነው በ2012 ነው፣ ሰላም በነበረ ጊዜ። ጦርነቱ ሲመጣ ሲኒማ ቤቶቹ የእሷን ፊት ለጥፈን አናሳይም አሉ። ለሥራው ገንዘብ ያወጣው ሰውዬ አውጣት አለኝ። አወጣኋት። ስምንት ወር ፈጀብኝ።"

"አሁን የት ናት?"

"ሐምሌ ላይ መጥተው ከቤቷ ወሰዷት። እስካሁን የት እንዳለች የነገረኝ የለም።"

"አንተስ እዚህ እሳት ውስጥ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"የእሷን ቦታ የምሞላበት ምስል አነሰኝ" አለ ማዕረግ፤ ሲናገረው ራሱንም አሳፈረው። "ውሃ፣ ተራራ፣ መንገድ... ቀዳዳውን የምሸፍንበት።"

ኑርሁሴን ትክ ብሎ አየው። ወይ ይህ ሰው የለየለት ጅል ነው፣ ወይ ደግሞ እንዲህ ያለ ጅል ሊገኝ እንደሚችል የሚያውቅ ብልህ ነው። "አለች ኮምፒውተሩ ውስጥ?" አለው። ማዕረግ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። "አሳየኝ።"

ለብቻ ተቆልፎ ከተቀመጠ ቦታ ከፈተለት። አጭር፣ ፊተ ሰፊ፣ ቆንጆ የማትባል ሴት ወጣች። ገና ብቅ ስትል ወፎቹም፣ ጨረቃዎቹም፣ ወርቃማውም ጤፍ ቦታቸውን ያዙ። ለካ ሐይቁ ስም ይበላል፤ ውሃውን ያየ ሰው ስሙን እዚያው ጥሎ ይመለሳል፤ እናት ልጇን ማን ብላ እንደምትጠራ ይጠፋታል። ይህች ሴት ወደ ውሃው እየወረደች የሰዉን ስም አንድ በአንድ ታወጣለች። ወፎቹ ስሞቹን የሚያደርሱ ናቸው። ሕፃኗ የምትስቀው ስሟ ስለተመለሰላት ነው። ንጉሡም ዘውዱን የሚሰጣት የራሱን ስም ከእጇ ሲቀበል ነው። በመጨረሻ የሁሉንም መልሳ ስትወጣ የራሷ ስም ውሃ ውስጥ ቀረ፤ ከዳር የቆመው ሕዝብ ሁሉ አያት፤ ማናት ብሎ የሚጠይቅ እንኳ አልተገኘም።

ኑርሁሴን ዱቄቱን ተደግፎ ቆመ። ዓይኑ እንዳያሳጣው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"ይህን ቆርጠህ ያንን ታሳያለህ?" አለ፤ በንዴት። "አንተ ሰው አይደለህም።"

"አይደለሁም" አለ ማዕረግ።

"ዝጋው። እዚያ ስንቀመጥ አፍህን እንዳትከፍት። ስሟን ካነሳህ፣ ከማዶ ሰው ጋር ሲላላክ ተገኘ ብለው ያንተም የእሷም ነገር ያበቃል። ታሪክ የለውም እላቸዋለሁ። ሞኝ ነው፣ ስዕል ሲወድ ነው እላለሁ። ያምኑኛል፤ ለሰው ብዬ መስክሬ አላውቅማ።" ማዕረግ "እሺ ጋሼ" አለ።

ሸንጎው በሐይቁ ዳር ባለችው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ሸህ ሰዓድ አበጋር ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም የሚያደርቁ ትልቅ ሰው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ፊታቸው ቆሞ መዋሸት ያፍራል። በእርሳቸው ዘንድ የተጠረጠረ ሰው ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ይናገራል፤ ማንም አያቋርጠውም። መሀሉ ላይ ቀዳዳ ካለ ግን ጥያቄው ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ይገባል። ዱአ ተደረገ። ከዚያ ወንዱ ተነስቶ ስለ ድሮኑና ስለ ድልድዩ ተናገረ፤ የገዛ ፊልሙን ታሪክ መናገር ያቃተው ሰው መሆኑንም አልረሳም። ከኋላ የቆሙት ጥበቃዎች አጉረመረሙ።

"ኑርሁሴን፣ አየኸው?" አሉ ሸህ ሰዓድ።

"አየሁት፣ አባባ።"

"ፊልም ነው?"

ኑርሁሴን ተነሳ፤ ሻርፑን አስተካከለ። "ፊልም ነው። ግን እንዲህ ያለ መናኛ ፊልም አላህ ለጠላቴም አይስጠው። ወፍ ይበራል፣ ተራራ ይከፈታል፣ ጨረቃ ሁለት ይሆናል፤ ለምን ብትሉ አይታወቅም። ወንዱ ልጄ፣ ታሪኩን ቢጠይቁት መናገር ያቃተው የለውማ! ከየት ያምጣው? አገራችንን ከላይ ያነሳው ሌላ የሚያሳየው ቢያጣ ነው። ይህ ሰው ሰላይ ቢሆን ኖሮ የላኩት ሰዎች ደመወዙን ይከለክሉት ነበር።"

ሰዉ ሳቀ። ወንዱ ሳይወድ ፈገግ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "በል እንግዲህ የመንገደኛ ጊዜ አንፍጅ" አለ። ሸህ ሰዓድም እጃቸውን ወደ መንገዱ ዘርግተው "ዕቃውን ስጡትና ይሂድ" አሉ። ለኑርሁሴን ነገሩ አልቋል፤ ሰውዬው ከሞት ተርፏል። ወንዱ ላፕቶፑን አቀበለው።

ማዕረግ ተቀበለ። አልሄደም።

"አለው" አለ።

"ምን አልክ?" አሉ ሸህ ሰዓድ።

"ታሪክ አለው።"

"ጸጥ በል!" አለ ኑርሁሴን በጥርሱ መሀል። ማዕረግ አልሰማውም፤ ወይም ሰምቶ ተወው። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሞ መናገር ጀመረ። ስም ስለሚበላው ውሃ ተናገረ። ስለወረደችው ሴት፣ ስለ ሕፃኗ፣ ስለ ንጉሡ። ደንቡ ደንብ ነውና ማንም አላቋረጠውም። ኬላው ላይ ቃል ያጣው ሰው አሁን አንዲት ቃል አልሳተም። ከመንገድ የመጡ ሴቶች ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ያዳምጣሉ። "ሴትዮዋ ፋና ናት" አለ በመጨረሻ። "ፋና ገብረመድኅን። ወላጆቿ ከአክሱም ናቸው። ፊልሙ የእሷ ነበር። ፈርቼ አወጣኋት። ጋሼ ኑርሁሴን እኔን ሊያድን ብሎ ነው የለውም ያለው። እኔ ግን ሁለተኛ ላወጣት አልችልም።"

ዋርካዋ ሥር ካሉት መጀመሪያ የተናገረው ወንዱ ነበር።

"ይኸው!" አለ። "አላልኳችሁም? ከማዶ ሰው አለው! ጋሼ ኑርሁሴንም ዋሽተዋል!"

"ዋሽቻለሁ" አለ ኑርሁሴን።  በዚህ ከተማ ሰው ፊት እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ሸህ ሰዓድ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ማዕረግ ላይ ነበር። "ሴትዮዋ አሁን የት አለች፣ ልጄ?"

"አላውቅም፣ አባቴ። ወስደዋታል።"

"አላህ ያውጣት።" ይህን ሲሉ ከጥበቃዎቹ አንዱ ምራቁን ጢቅ አደረገ፤ እርሳቸው ግን አልሰሙም መሰሉ። "ስማኝ፣ ወንዱ። ይህ ሰው ልቀቁት ተብሎ ሳለ በራሱ ላይ የመሰከረ ነው። እኔ ጥፋት አላገኘሁበትም። ልጆቹ ግን እንዳልረኩ አያለሁ፤ ጊዜውም ክፉ ነው። እንግዲህ ዋስ ይጥራ። ዋስ ካለው ደሴ ድረስ በሰላም ይሻገራል። ከዋለ ካደረ በኋላ ክፋት ከተገኘበት የሚጠየቀው ዋሱ ነው፤ በአንገቱ። ዋስ ካጣ የእናንተ ነው።"

"ዋስ አለህ?" አለ ወንዱ።

ማዕረግ ዙሪያውን አየ። ከመቶ የማያንስ ሰው ቆሟል፤ አንድ የሚያውቀው ፊት የለም። "ማንንም አላውቅም" አለ። ከጥበቃዎቹ አንዱ ገመዱን ከወገቡ መፍታት ጀመረ።

የኑርሁሴን ጭንቅላት በዚያች ቅጽበት እንኳ ሥራውን አልተወም። ታሪኩ እውነት ነው? ሴትዮዋንስ በእውነት ወስደዋታል? ደግሞ ይህ ሁሉ መናዘዝ ከወፎቹና ከጨረቃዎቹ የረቀቀ ሽፋን ቢሆንስ? በልቡ መረመረው፤ አገላብጦ አየው፤ ማረጋገጫ አጣለት። እቤቱ አሚናት አለች፣ አራት ልጆች አሉ። ወንዱና ጓደኞቹ አንገት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ገመዱ ተፈቶ አለቀ።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አለ።

ሁሉም ዞሮ አየው። ወንዱ ሳቅ ሊል ፈለገና ተወው። "ጋሼ፣ እርስዎ? ያምኑታል ማለት ነው?"

"አላምነውም" አለ ኑርሁሴን። መታወቂያውን ከደረት ኪሱ አወጣና ሄዶ ሸህ ሰዓድ እግር ሥር አስቀመጠው። "አላምነውም። ዋሱ ግን እኔ ነኝ።"